ስልክ እያለኝ ቪዲዮ ካሜራ ገዛሁ፤ የሶኒ ሲኤክስ405 ነገር

ካሜራውን ከቦርሳ ሳወጣ ሁሌ የምሰማው አንድ ጥያቄ ነው፣ «ስልክ እያለህ ይሄ ምን ያደርግልሃል?» ጥያቄው ልክ ነው፣ እኔም ከመግዛቴ በፊት ስንቴ ራሴን እንደጠየቅኩ እኔ ነኝ የማውቀው። እንደውም የሚያስከፋውን መጀመሪያ ተናግሬ ልገላገል፦ ጥሩ ብርሃን ባለበት፣ ቅርብ ያለን ነገር ስትቀርጹ፣ ደህና የሚባል ስልክ ከዚህ ካሜራ የተሻለ ምስል ያወጣል። አዎ ያወጣል። ብዙ ሰው ቪዲዮ ካሜራ ሲባል በጥራት ስልክን የሚያስንቅ ይመስለውና ገዝቶ ቤት ሲገባ ይበሳጫል፣ ከዛ ዕቃው መሳቢያ ውስጥ አቧራ ለብሶ ይቀራል።

እኔን ስልክ ያስመረረኝ በጥራት አይደለም። በቤተሰባችን ካሜራማን ተብዬ የተሾምኩት እኔ ነኝ (ማን እንደሾመኝ እስካሁን አላውቅም)፣ የእህቴ ልጅ ትምህርት ቤት ድራማ ሲሰራ ቅረጽ ተባልኩ፣ ቦታ ያገኘሁት ደግሞ ከኋላ። ስልኩን ዙም ሳደርገው የልጁ ፊት ውሃ የፈሰሰበት ስዕል መሰለ፣ እሱን ትቼ በሰፊው ስቀርጽ መድረኩ ላይ ያለው ሰው ሁሉ ጉንዳን አከለ፣ መሃል ላይ ተደወለና ቀረጻው ተቋረጠ፣ መልሼ አስጀመርኩት፣ ትንሽ ቆይቶ ስልኩ እንደ ካውያ ጋለ፣ በመጨረሻ ልጁ የራሱን ክፍል ሊናገር ብቅ ሲል «ቦታ ሞልቷል» የሚል ጽሁፍ መጣ። እህቴ ይቺን ነገር እስካሁን አልረሳችልኝም።

ስለዚህ እኔ የፈለግኩት ሁለት ነገር ነው፣ ሩቁን የሚያቀርብና ሳይሰለች የሚቀርጽ። ይሄን ካሜራ የምመዝነው በነዚህ ሁለቱ ነው፣ ሌላውን እንደ ጉርሻ ቁጠሩት።

ሶኒ ኤችዲአር ሲኤክስ405 እ.ኤ.አ. በ2015 የወጣ ነው፣ ሃንዲካም ከሚባሉት ውስጥ ከታችኛው ደረጃ። 4ኬ የለውም፣ ዋይፋይ የለውም፣ የውስጥ ሚሞሪ የለውም፣ በአይን የሚታይበት ቪውፋይንደር የለውም፣ ስክሪኑም በጣት አይነካም። የሌለውን ስዘረዝር ዕቃው ያለቀ መሰለ አይደል? ግን ባትሪውን ጨምሮ 215 ግራም ብቻ ነው፣ እጅ ውስጥ ሲገባ ደግሞ ማሰሪያው ከመዳፍ ጋር ስለሚይዘው ጣታችሁ ራሱ ዙሙ ላይ ያርፋል፣ ሁለት ሰዓት ስልክ ፊት ለፊት ዘርግቶ መያዝና ይሄን መያዝ አይገናኙም። ክንዳችሁ ይመሰክራል።

አሁን ወደ ዋናው፣ ዙሙ። 30 እጥፍ ነው፣ ያውም ኦፕቲካል፣ ማለትም ሌንሱ ውስጥ ያሉት መስታወቶች ራሳቸው ተንቀሳቅሰው ነው የሚያቀርቡት እንጂ ምስሉን ቆርጦ አይለጥጠውም። በፎቶ ሰዎች አቆጣጠር ከ26.8 ሚሊሜትር ተነስቶ 804 ሚሊሜትር ይደርሳል። ቁጥሩ ምንም ካልነገራችሁ እንዲህ አስቡት፣ 100 ሜትር ርቆ የቆመ ሰው ከእግር እስከ ራሱ የስክሪኑን ቁመት ከግማሽ በላይ ይዞ ይታያል፣ ሜዳው ጫፍ ላይ ያለውን በረኛ ከሌላኛው ጎል ጀርባ ሆናችሁ ጓንቱን ሲያስተካክል ትቀርጹታላችሁ ማለት ነው። መነሻው 26.8 መሆኑም ቀላል ነገር አይደለም፣ ጠባብ ክፍል ውስጥ ጀርባችሁን ግድግዳ ላይ ሳትለጥፉ ሁሉንም ሰው ታስገባላችሁ፣ ብዙ ቪዲዮ ካሜራ እዚህ ላይ ነው የሚወድቀው።

ይሄ ሁሉ ዙም በዚች ትንሽ ዕቃ ውስጥ እንዴት ገባ ካላችሁ፣ ሚስጥሩ ሴንሰሩ ነው፣ ብርሃኑን ተቀብሎ ምስል የሚያደርገው ክፍል። 1/5.8 ኢንች የሚባል መጠን ነው፣ ከትንሿ ጣት ጥፍር ያነሰ። ሴንሰር ሲያንስ ሌንሱም ማነስ ይችላል፣ የዚህ ሌንስ የእውነት ርዝመቱ ከ1.9 እስከ 57 ሚሊሜትር ነው፣ 804 የሚባለው በድሮው 35 ሚሊሜትር ፊልም ካሜራ ልክ ሲተመን ነው። ትልቅ ሴንሰር ባለው ካሜራ እዛው ድረስ ልድረስ ብትሉ ክንድ የሚያህል ሌንስ መሸከም ነው። ግን የጠቀመው ነገር ራሱ ነው የሚጎዳው፣ ያቺ ጥፍር የማታክል ሴንሰር ጨለማ ላይ ብርሃን የምትለቅምበት ቦታ የላትም። በዛ ላይ ሌንሱ ሳይቀርብ ኤፍ1.8 ነው፣ እስከ መጨረሻው ሲቀርብ ኤፍ4 ይሆናል (የኤፍ ቁጥር ሲያድግ የሚገባው ብርሃን ይቀንሳል)፣ ሂሳቡን ስትሰሩት የሚገባው ብርሃን ወደ አንድ አምስተኛ ይወርዳል። ስለዚህ ደብዘዝ ያለ አዳራሽ ውስጥ ከኋላ ሆኖ ሙሉ ዙም ማድረግ ማለት ምስሉ ላይ አሸዋ እንደ መበተን ነው፣ ጥቁሩ ሁሉ ይንጫጫል። መፍትሄው በእግር መቅረብ ነው። ሦስት ረድፍ ወደፊት ሄዶ ዙሙን መቀነስ ከማንኛውም ሴቲንግ ይበልጣል፣ እኔ አሁን ዝግጅት ሲኖር ከሰው ቀድሜ ነው የምደርሰው።

መድረክ ላይ መብራት ሰው ፊት ላይ ብቻ ሲያርፍ ደግሞ ሌላ ጣጣ አለ፣ ካሜራው ዙሪያው ጨለማ መሆኑን አይቶ ሁሉንም ያበራላችኋል፣ ፊቱ ነጭ ወረቀት ይሆናል። ያኔ ሜኑ ገብታችሁ ኤክስፖዠሩን፣ ማለትም የምስሉን ብርሃን መጠን፣ በእጅ ዝቅ ማድረግ ነው፣ ኋላው ይጨልም፣ ማን ኋላውን ያያል።

ሳጥኑ ላይ 60 እጥፍ ክሊር ኢሜጅ ዙም የሚልም አለ፣ እሱ ሶፍትዌር ነው፣ ብርሃን ካለ ትንሽ ገባ ብትሉበት ይቻላል። 350 እጥፍ የሚለውን ዲጂታል ዙም ግን ገና ከሳጥን ስታወጡት አጥፉት፣ የስልኩን ችግር ነው መልሶ የሚያመጣላችሁ።

መንቀጥቀጥን የሚከላከለው ነገር በእውነት ጥሩ ነው። ሦስት ደረጃ አለው፣ ስታንዳርድ፣ አክቲቭ፣ ኢንተለጀንት አክቲቭ። የመጨረሻው እየተራመዳችሁ ስትቀርጹ ነው፣ ምስሉን ከዳር ዳር ትንሽ ቆርጦ ያረጋጋዋል። ቆሜ ስቀርጽ እስከ 10 እጥፍ ድረስ በእጄ እሰራለሁ፣ ክርኔን ደረቴ ላይ ደግፌ፣ ከዛ በላይ ትራይፖድ ግድ ነው፣ በ30 እጥፍ ትንፋሻችሁ ራሱ ይታያል። ትራይፖድ ላይ ስታስቀምጡት ደግሞ ማረጋጊያውን አጥፉት፣ ካልሆነ ካሜራውን ወደ ጎን ስታዞሩት ምስሉ እንደ ላስቲክ ይሳብና ይመለሳል። የፎቶ ትራይፖድ ያላቸው ሰዎችም ልብ በሉ፣ እሱ ለማቆም እንጂ ቀስ ብሎ ለማዞር አይደለም የተሰራው፣ ፍሉይድ ሄድ የሚባለውን፣ ሳይንገጫገጭ ቀስ ብሎ የሚዞር ራስ ያለውን ፈልጉ።

ርዝመት ላይ ስንመጣ ይሄ ካሜራ አይሰለችም። ብዙ የፎቶ ካሜራ 29 ደቂቃ ከ59 ሴኮንድ ሲሞላ ቀጥ ይል እንደነበር ታውቃላችሁ? ስለ ሙቀት ብቻ አይደለም፣ የአውሮፓ ህብረት የቀረጥ ህግ 30 ደቂቃና ከዛ በላይ ያለማቋረጥ የሚቀርጽን ዕቃ ቪዲዮ ካሜራ ብሎ ይመድበውና ቀረጥ ይጨምርበት ስለነበር ነው አምራቾቹ አንድ ሴኮንድ ሲቀረው የሚያቆሙት የነበረው። ይሄኛው ገና ሲፈጠር ቪዲዮ ካሜራ ስለሆነ ያ ጣጣ የለበትም፣ ካርድና ባትሪ እስካለ ይቀርጻል፣ የሚደውልበትም ሰው የለም። የካሴቱን ዘመን ያየ ሰው ይሄ ምን ማለት እንደሆነ ይገባዋል፣ ሚኒ ዲቪ የሚባለው ካሴት 60 ደቂቃ ሲሞላ ሁሌም ዋናው ነገር ሊጀመር ሲል ነበር።

ስለ ካርድ ትንሽ ረዘም አድርጌ ላውራ ምክንያቱም እኔ ራሴ ተበልቼበታለሁ። ካሜራው ትንሿን ማይክሮ ኤስዲ ነው የሚወስደው። በጥሩው ጥራት፣ ኤክስኤቪሲ ኤስ በሚባለው፣ ሙሉ ኤችዲ በሴኮንድ 60 ፍሬም በ50 ሜጋ ቢት ይቀርጻል። ሜጋ ቢት ነው ያልኩት፣ ሜጋ ባይት አይደለም፣ ለስምንት ስታካፍሉት በሴኮንድ ስድስት ሜጋ ባይት ትንሽ ከፍ ያለ ይመጣል። ስለዚህ ክላስ 10 የሚል ምልክት ያለው እውነተኛ ካርድ ይበቃዋል፣ እሱ በሴኮንድ ቢያንስ 10 ሜጋ ባይት ይጽፋል፣ ውዱን ካርድ ግዛ ብሎ የሚያስጨንቃችሁን ሻጭ አትስሙት። በዚህ ጥራት አንድ ሰዓት ቀረጻ 22.5 ጊጋ ገደማ ይበላል፣ 64 ጊጋ ካርድ ሦስት ሰዓት አይሞላም።

እኔ ግን ምን አደረግኩ፣ 128 ጊጋ ተብሎ በጣም ርካሽ የሆነ ካርድ አንድ ቦታ አየሁና ዓይኔን ጨፍኜ ገዛሁ። ፎርጅድ ነበር። እነዚህ ካርዶች ውስጣቸው ትንሽ ሆኖ ለካሜራው ግን ትልቅ ነኝ ብለው ነው የሚዋሹት፣ ካሜራውም አምኖ ይጽፋል፣ የእውነቱ ቦታ ሲያልቅ አዲሱ በአሮጌው ላይ ይጻፋል ወይም ዝም ብሎ ይጠፋል። ቤት ሄጄ ስከፍተው የመጀመሪያዎቹ ጥቂት ፋይሎች ብቻ ይሰራሉ፣ የቀረው ስም ብቻ። ካሜራው ምንም አላጠፋም፣ ጥፋቱ የኔና የሻጩ ነው። አሁን አዲስ ካርድ ስገዛ መጀመሪያ ኮምፒውተር ላይ እስከ አፉ ሞልቼ መልሼ አነበዋለሁ፣ አሰልቺ ነው፣ ግን የሰው ሰርግ ካጠፋችሁ በኋላ ይቅርታ ከመለመን ይሻላል።

ቦታ ልቆጥብ ካላችሁ ኤቪሲኤችዲ የሚባለው አለ፣ ሶኒና ፓናሶኒክ በ2006 አብረው ያወጡት ፎርማት፣ ትልቁ ጥራቱ 28 ሜጋ ቢት ነው፣ ያው 64 ጊጋ አምስት ሰዓት ያህል ይይዛል። ለቤተሰብ ቪዲዮ ልዩነቱን ማንም አያይላችሁም፣ ኳስ ወይም ዳንስ ላይ ግን 50ው ይሻላል፣ ብዙ እንቅስቃሴ ሲኖር 28ቱ ጥርስ ጥርስ ይላል። የኤቪሲኤችዲ መከራው ሌላ ነው፣ ፎልደር ውስጥ ፎልደር ውስጥ ፎልደር፣ ከዛ ረጅሙን ቀረጻ በየ2 ጊጋው ቆራርጦ ያስቀምጠዋል። ፋይሎቹን ብቻ ለቅማችሁ ኮፒ ካደረጋችሁ መገጣጠሚያው ላይ ድምጽ እልም ሊል ይችላል፣ ዘፈን መሃል ላይ ሲሆን ያስታውቃል። ሙሉውን ፎልደር እንዳለ ኮፒ አድርጉና የሶኒው የራሱ ሶፍትዌር ይግጠመው።

አንድ የወደድኩለት ነገር፣ ትልቁን ሲቀርጽ ጎን ለጎን ትንሽዬ ኤምፒ4 በ720 በ3 ሜጋ ቢት መቅረጽ ይችላል። ዝግጅቱ እንዳለቀ ሁሉም ሰው «ላክልኝ» ነው የሚለው፣ ትልቁን ኮንቨርት ሳታደርጉ ትንሿን ትልኩለታላችሁ።

እሺ አሁን ወደ ሚያናድደው። ድምጽ።

ይሄ ካሜራ የማይክ መሰኪያ የለውም። የኢርፎን መሰኪያም የለውም። ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው የሚባለው ለዚህ ካሜራ የተተረተ ነው የሚመስለኝ፣ የቀረጻችሁትን ድምጽ ቤት ገብታችሁ ነው የምትሰሙት። ዙም ምስል እንጂ ድምጽ አያቀርብም፣ ይሄን ሰው ይረሳዋል። ልጁ ሩቅ መድረክ ላይ ስክሪኑን ሞልቶ ሲያወራ ታዩታላችሁ፣ የምትሰሙት ግን ከጎናችሁ የተቀመጠውን ሰውዬ ሳል፣ የወንበር ሲጢጥታና የራሳችሁን ጣት የካሜራውን ቆዳ ሲዳብስ ነው። በዓመቱ የእህቴ ልጅ እንደገና ድራማ ሰራ፣ ያኔ በዚህ ካሜራ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ አንድም ሳይቆረጥ ቀረጽኩለት፣ ምስሉ ላይ እህቴ አለቀሰች፣ ቃሉን ግን ገሚሱን አልሰማችውም።

መላ አለው፣ ግን ስራ ይጨምራል። ስልካችሁን ወይም ትንሽ ድምጽ መቅረጫ መድረኩ ወይም ስፒከሩ አጠገብ አስቀምጣችሁ ለብቻው መቅረጽ፣ ሲጀመር አንዴ ማጨብጨብ፣ ኤዲት ላይ ጭብጨባውን ከጭብጨባው ጋር ማገናኘት። እኔ አሁን እንዲህ ነው የምሰራው። የካሜራውና የስልኩ ሰዓት እኩል ስለማይሄዱ ቀረጻው አንድ ሰዓት ካለፈ አፍና ድምጽ ቀስ በቀስ ይለያያሉ፣ ስለዚህ መሃል መሃል ላይ ቆርጦ ማስተካከል አለ። ኤዲት የማትወዱ ከሆነ፣ ወይም ዋና ስራችሁ ንግግር፣ ቃለ መጠይቅ፣ ስብከት፣ ትምህርት መቅረጽ ከሆነ ይሄን ካሜራ አትግዙ፣ በቃ። በዛው ደረጃ ያለው የካነን ኤችኤፍ አር800 የማይክ መሰኪያ አለው፣ ስክሪኑም 3 ኢንች ሆኖ በጣት ይነካል፣ ዙሙም 32 እጥፍ ነው። የሚያጎድለው ሰፊው በኩል ነው፣ መነሻው ጠበብ ስለሚል ክፍል ውስጥ ወደኋላ ወደኋላ ያስብላችኋል። እኔ ድሮ ይሄን ባውቅ የቱን እገዛ ነበር ብላችሁ ብትጠይቁኝ... ለኳስ ይሄኛውን፣ ለድራማ ያኛውን፣ እና ወደ ድራማው አደላለሁ መሰለኝ። ርቀት ብቻ ለሚፈልግ ደግሞ የፓናሶኒክ ኤችሲ ቪ180 አለ፣ 50 እጥፍ፣ መነሻው 28 ሚሊሜትር፣ የማይክ ነገር ግን እሱም ጋ የለም።

ባትሪው ኤንፒ ቢኤክስ1 የሚባል ነው፣ 1240 ሚሊ አምፒር ሰዓት፣ ሶኒ አርኤክስ100 የሚባሉት የፎቶ ካሜራዎችም እሱን ነው የሚጠቀሙት ስለዚህ ማግኘት አይቸግርም። ችግሩ ባትሪው ካሜራው ውስጥ ነው የሚገባው፣ ክዳን አለው፣ ከፍ ያሉት ሃንዲካሞች ላይ ባትሪው ከኋላ ስለሚሰካ ትልቁን ገዝቶ መሰካት ይቻላል፣ እዚህ ግን ከልኩ በላይ አይገባም። ረጅም ዝግጅት ካለ ሁለት ትርፍ ባትሪ ኪስ ውስጥ መያዝ ነው፣ ሲቀየር ደግሞ ቀረጻው ይቋረጣል፣ ስለዚህ ከማለቁ በፊት ጭብጨባ ወይም እረፍት ጠብቃችሁ ቀይሩት። ቻርጅ ማድረጊያው የዩኤስቢ ገመድ የእጁ ማሰሪያ ውስጥ ተደብቆ ነው ያለው፣ ገመድ ረሳሁ ማለት የለም፣ ማን እንዳሰበው አላውቅም ግን ይባረክ።

ስክሪኑ 2.7 ኢንች፣ 230 ሺህ ነጥብ፣ እንግዲህ ፎከስ ገብቷል አልገባም ብሎ ለመለየት አይረዳም፣ ፀሐይ ላይ ደግሞ መስታወት ነው። ሜኑው በትንሽዬ ዱላ ወደላይ ወደታች ነው፣ ይለመዳል። ፎቶው 9.2 ሜጋ ፒክስል ይላል፣ እርሱት፣ ሴንሰሩ ላይ ያለው ነጥብ ከዛ በጣም ያነሰ ነው፣ የቀረውን በግምት ነው የሚሞላው።

በማይክሮ ኤችዲኤምአይ ምስሉን ማውጣት ስለሚቻል ካፕቸር ካርድ (የካሜራውን ምስል ኮምፒውተር ውስጥ የሚያስገባ ዕቃ) ያለው ሰው ቀጥታ ስርጭት ላይ ሊጠቀምበት ይችላል፣ ድምጹ ከሌላ ቦታ ስለሚመጣ የማይኩ ነገር እዛ ላይ አያስጨንቅም። በቀጥታ ስርጭት የሚሰሩ ሰዎች ይሄን አሮጌ ካሜራ እስካሁን ያልጣሉት በዚህ ይመስለኛል።

ያገለገለ የምትገዙ ከሆነ፣ በ50 የሚሰራውና በ60 የሚሰራው ሁለት ዓይነት መሆኑን አስቀድማችሁ እወቁ። የመብራታችሁ ኤሌክትሪክ 50 ኸርዝ ከሆነ 50ውን፣ 60 ከሆነ 60ውን ፈልጉ፣ ካልሆነ አንዳንድ አምፖል ስር ምስሉ ብልጭ ድርግም ይላል። ማሰሪያው ውስጥ ያለውን ገመድ አውጡና አንገቱ ጋ እንዳልተላጠ እዩ፣ ቻርጅ ላይ ሰኩት። የሌንሱ ክዳን በእጅ የሚከፈት ነው፣ ከፍታችሁ ዝጉት፣ አሸዋ ከገባበት ይፋጫል። ከዛ ዙሙን ቀስ አድርጋችሁ እስከ ጫፍ ውሰዱት መልሱት፣ የሚንገጫገጭ ድምጽ ካሰማ ሞተሩ ደክሟል። አንድ ሩቅ ያለ ጽሁፍ ላይ በሙሉ ዙም አምስት ደቂቃ ቅረጹና በራሳችሁ ካርድ ትልቅ ስክሪን ላይ እዩት፣ ሻጩ ለዚህ ጊዜ የለኝም ካለ ሌላ ሻጭ ፈልጉ።